ከ«ኪፕ» በኋላ ያልተሰማች ቃል

ወረታ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተማረ መምህር ሞልቷል፤ እንደ መሐመድሰዒድ ግን በመስተዋድድ የሚቆጣ አልነበረም። ተማሪ ፊደል ቢያሳስት ያልፈዋል። ቃል ቢረሳ ያስታውሰዋል። «ኦን» በሚገባበት «ኢን» ካስገባ ግን ጠመኔውን አስቀምጦ «ቁጭ በል፤ በሬህን ብቻውን ጠምደኸዋል» ይለዋል።

የፎገራ ልጅ ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ካልተቀናጀ አያርስም። የእንግሊዝኛ ግሥም እንደዚያው ነው ይል ነበር መሐመድሰዒድ። «ጌት» ብቻውን ግማሽ ነው። «ጌት አፕ» ሲሉት ተነሣ ይሆናል፣ «ጌት ኢን» ግባ፣ «ጌት አውት» ውጣ፣ «ጌት ኦቨር» ደግሞ ከሕመም ወይም ከኀዘን ማገገም። «በሬው ያው ነው፤ እርሻውን የሚለውጠው ቅንጃው ነው» እያለ ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላዋል። ይህን ያስተማረው አንድ ህንዳዊ መምህር ነበር፤ በሬውን ግን የጨመረው እሱ ራሱ ነው።

አባቱ ከገበያው ዳር ጨው፣ ስኳርና አቡጀዲ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቁ መሐመድሰዒድ፣ ትንሹ አህመዲን። አህመዲን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ሲመጣ ማንም ለምን አላለውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሱቁ ጓዳ፣ ከስኳር ኬሻ ሥር፣ መንግሥትን የሚቃወሙ የተባዙ ወረቀቶች ተገኙ። ሁለቱንም ወንድማማቾች ወስደው አሰሯቸው።

አንድ ቀን እስር ቤቱ ውስጥ ከምሳ በኋላ የአህመዲን ስም ተጠራ። አህመዲን ተነሥቶ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ፤ ጫማውን ግን አውልቆ ከወንድሙ እግር አጠገብ አኖረው።

«ጫማህን አድርግ እንጂ» አለው መሐመድሰዒድ።

«ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፤ አንተ አድርገው» ብሎት ወጣ።

አልተመለሰም። መሐመድሰዒድ እንባው እስኪመጣ ጠበቀ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲል ሰነበተ። አልመጣም። ከዐሥራ አራት ወር በኋላ ሲፈታ አባቱም ሞተው ደረሰ። የከተማው ሰው ሊያስተዛዝነው ተሰልፎ ሲመጣ ለእያንዳንዱ «አሚን» አለ፤ ሰው ሲያልቅ ተነሥቶ የሱቁን ደጅ ጠረገ። ሚስቱ ሰኪና ያን ዕለት ከመጋረጃው ኋላ ሆና አየችውና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ማስተማር «ለጊዜው» ተከለከለ። ጊዜው ከስድስት ዓመት በላይ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ሱቁን የምታስተዳድረው ሰኪና ነበረች፤ እሱ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጦ የተጠየቀውን ዕቃ ያነሣል፣ ያስቀምጣል። አያዝንም፣ አይቆጣም። ልጅ በሱቁ ደጅ ሲያልፍ እንግሊዝኛ ቢያበላሽ እንኳ ቀና አይልም።

በ1975 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አያልነህ መጣ። አያልነህ ከከተማው በታች፣ ሜዳው ላይ ያለ የአምራች ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ረጅም፣ ሽበት የጀመረው፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው።

«መምህር፣ የፈረንጅ አፍ ትሰማለህ አሉኝ» አለ።

«እሰማ ነበር፣ አያ አያልነህ።»

«አንድ ሰው ልከውብናል። ከኮሪያ ነው የመጣ። ሩዝ የሚሉትን እህል ሊያስተምረን ነው። ይናገራል፣ ይናገራል፤ እኛ ተሰብስበን እንደ በግ እናየዋለን። ከአውራጃውም አስተርጓሚ አጣን። ናና እርዳን።»

ሰኪና ናት የመለሰችው። «ይመጣል» አለች፤ ቀጥላም ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ «ሂድ በቃ። እዚህ ከምትደርቅ ውሃ ውስጥ ግባ» አለችው።

ሰውየው ሚስተር ሪ ይባላሉ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ በባዶ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ነው ያገኛቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። እንግሊዝኛቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ነበር፦ ግሥ ሁሉ አለ፤ መስተዋድድ የለም። «ዋተር ካም። ዋተር ጎ። ሲድ ስሊፕ» ይላሉ፤ ውሃው ይምጣ፣ ውሃው ይሂድ፣ ዘሩ ይተኛ። ዘሩ ይተኛ ያሉት ተዘፍዝፎ ይደር ለማለት ነው። ከወዴት ይምጣ፣ ወዴት ይሂድ፣ በምን ውስጥ ይተኛ፣ ያንን የሚሞላው አስተርጓሚው ነው።

የቀድሞው መሐመድሰዒድ ቢሆን ይህን ንግግር መስማት ያመው ነበር። አሁን ግን ምንም አልመሰለውም። የተባለውን ይሰማል፣ የጎደለውን ከእጃቸው ምልክት አይቶ ይሞላል፣ ለገበሬዎቹ ይነግራል። ማታ ሰኪና «እንዴት ዋልህ?» ስትለው «ደኅና» ይላታል።

ገበሬዎቹ ሥራውን አልወደዱትም። ያ ሜዳ በክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ የሚዋጥ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። አባት አያቶቻቸው ውሃውን ሲያንጣፍፉ፣ በሸሸበት ጓያና ሽንብራ ሲዘሩ ነው የኖሩት። «እኛ ውሃ ስናስወጣ አርጅተን ይኸ ሰው ውሃ አስገቡ ይለናል» ትል ነበር ገላነሽ፤ ባሏ ከሞተባት ወዲህ በማኅበሩ ውስጥ እንደ ወንድ ድርሻዋን የምትሠራ፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት። «ንገረው እንጂ፣ መምህር!» መሐመድሰዒድም ቃል በቃል ይነግራቸዋል። ሚስተር ሪ ይስቃሉ፤ እሱ አይስቅም።

በሰኔ መጀመሪያ የችግኝ መደቡ ተዘጋጀ። ከባሕር ማዶ ከመጣው ዘር ግማሹ ተዘፍዝፎ፣ ነጭ ጎንቁሉን ብቅ ሲያደርግ፣ በለሰለሰው ጭቃ ላይ ተበተነ። በማግሥቱ ጠዋት ሚስተር ሪ ለስብሰባ ባሕር ዳር ተጠሩ። መኪና መጣላቸው። ገበሬዎቹ ቦዩ አጠገብ ቆመው፣ መኪናዋ ሞተሯ እያጓራ ስትንቀሳቀስ፣ ሚስተር ሪ በመስኮት ራሳቸውን አወጡና ወደ መደቡ እየጠቆሙ «ኪፕ ዋተር! ኪፕ ዋተር!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ አንዲት አጭር ቃል ነበረች፤ ወይም አልነበረችም። ሞተሩ ዋጣት።

«ምን አለ?» አለ አያልነህ።

መኪናዋ በዚያ ጭቃ ላይ የምትሄደው በሰው እርምጃ ነበር። ሮጦ የሚደርስባት ሰው አይጠፋም። መሐመድሰዒድ እንዳልሰማ ያውቃል። ከ«ኪፕ» በኋላ የምትመጣ ትንሽ ቃል ነገሩን ሁሉ ልትገለብጠው እንደምትችል ከእሱ በላይ የሚያውቅ በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። ግን እግሩ አልተነሣም። ሰዎቹ ሁሉ ሩዝ የውሃ ተክል ነው ይላሉ፤ «ኪፕ» ብቻውን መያዝ ነው፤ በቃ።

«ውሃውን ያዙት ነው የሚሉት» አለ።

«ስንት ቀን?»

«እስኪመጡ።»

የቦዩን አፍ ከፈቱ፣ የመደቡን መውጫ ደፈኑ። ውሃው ስንዝር ያህል ተኛበት። በአራተኛው ቀን ገላነሽ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ አስገባችና አንድ ጭብጥ ጭቃ አወጣች። ጎንቁሉ ተቀቅሎ የሰነበተ ይመስል ልፍስፍስ ብሏል። አሸተተችውና ለመሐመድሰዒድ ዘረጋችለት።

«ይኸ ይበቅላል?»

«አይበቅልም» አለ መሐመድሰዒድ።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ አውራጃ ደረሰ። በማግሥቱ ሸዋዓለም የሚባል ካድሬ መጣ፤ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፣ ካኪ የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወጣት። በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛ አስገብቶ አስተርጓሚውን ፊቱ አስቆመው። አያልነህ በርሜል ላይ ተቀመጠ። የማኅበሩ ጸሐፊ ብዕርና ወረቀት ያዘ።

«ኪፕ ማለት ምን ማለት ነው?» አለ ሸዋዓለም።

«ብቻውን ሲሆን መያዝ፣ ማኖር፣ መጠበቅ ነው።»

«ብቻውን ካልሆነስ?»

«የሚከተለው ቃል ይወስነዋል። ‹ኪፕ ኦን› መቀጠል ነው። ‹ኪፕ አፕ› ወደ ኋላ ሳይቀሩ እኩል መራመድ። ‹ኪፕ ኦፍ› ማራቅ፣ እንዳይደርስ ማድረግ። ‹ኪፕ አውት› እንዳይገባ መከልከል። ‹ኪፕ ባክ› ከፊሉን ደብቆ ማስቀረት።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። «ጓድ፣ ሁሉንም ልጻፈው?»

«ጻፈው።»

«እንግዲያው የመጨረሻውን ይድገሙልኝ።»

መሐመድሰዒድ ደገመለት። ድምፁ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር የነበረው ድምፅ ነበር፤ ቀስ ያለ፣ ለሚጽፍ ልጅ የሚመች።

«አንድ ቃል ነው እንዲህ መያዝም ማራቅም የሚሆነው?»

«ግሡ አንድ ነው። የሚከተለው ነው የሚለያይ።»

«ይህን እያወቅህ ያዙት አልህ።»

«አዎ።»

«የሚከተለውን ሰምተኸው ነበር?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅህም?»

መኪናዋ ሄደች ሊል ይችል ነበር፤ አያልነህም ይህንኑ እንዲል በዓይኑ ይጠብቀው ነበር። «መጠየቅ እችል ነበር» አለ መሐመድሰዒድ። «አልጠየቅሁም።»

«ለምን?»

«አላውቅም።»

ሸዋዓለም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «መዝገብህን አንብቤ ነው የመጣሁት። የወንድምህን ነገር አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ሥራ ምን ብለን እንደምንጠራው ደግሞ አንተም ታውቃለህ። አሻጥር ነው የሚባለው።»

መሐመድሰዒድ ፍርሃቱን ጠበቀ። የዚህ ቃል መጨረሻ የት እንደሆነ ዐይቷል፤ መፍራት ይገባው ነበር። ከግድግዳው ላይ አንዲት እንሽላሊት ተለጥፋ ነበር፤ ሆዷ ሲተነፍስ ይታያል። እሷን ሲያይ ቆየ።

ባለሙያው እስኪመለሱ እዚያው መጋዘን ውስጥ እንዲቆይ ተወሰነ። ሰኪና ምግብ ይዛ መጣች፤ በላ። ያለቀሰችው እሷ ናት።

ሚስተር ሪ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ተመለሱ። በቀጥታ ወደ መደቡ ሄደው፣ ተንበርክከው ጭቃውን ፈለፈሉ፣ አሸተቱ። ከዚያ ወደ መጋዘኑ አመጧቸው። ካድሬው መጠየቅ ፈለገ። ያኔ ነው ሁሉም ነገሩን ያስተዋለው፤ ለመጠየቅ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ አስተርጓሚው ደግሞ ተከሳሹ ነው።

ሸዋዓለም ትንሽ አሰበና፣ «በላቸው፤ ይህ ሰው ሆን ብሎ ነው ወይ ያበላሸው?» አለ።

መሐመድሰዒድ ዞሮ ጥያቄውን አቀረበ። ራሱን «ዚስ ማን» እያለ፣ ይህ ሰው እያለ፣ አንድ ቃል ሳያለሳልስ ተረጎመው። ሚስተር ሪ ግንባራቸውን አሹ። «አይ ሴይ ‹ኦፍ›» አሉ። «ስሞል ሴይ። ሂ ኖት ሂር። ሂ ኖት አስክ።»

«‹ኦፍ ብዬ ነበር፤ አራቁት ማለቴ ነው፤ ግን ድምፄ ትንሽ ነበር። እሱ አልሰማም። አልጠየቀምም› ይላሉ» አለ መሐመድሰዒድ።

አያልነህ ከበርሜሉ ላይ ቀና አለ።

«አልጠየቀም ነው ያሉት?» አለ ሸዋዓለም።

«አዎ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ ያንተ ነው እያሉ ነው።»

«ያሉት እንደዚያ ነው።»

አያልነህ ተነሣ። «ጓድ፣ አንድ ነገር ልበል። እዚህ ከተሰበሰብነው የሰውየውን አፍ የሚሰማ እሱ ብቻ ነው። የወደደውን ቢለን ማን ያውቅበታል? ‹ሽማግሌው ጥፋቱን በራሳቸው አደረጉት› ቢለን እናምነው አልነበር? በገዛ ራሱ ላይ መሰከረ። እንዲህ ያለ ሰው ሸፍጥ አይሆንለትም።»

«ሸፍጥ ቢያውቅማ ሱቁን ለሚስቱ አይተውም ነበር!» አለች ገላነሽ ከደጅ ሆና።

ሚስተር ሪ የሁሉንም ፊት እያዩ «ኋት? ኋት?» አሉ። መሐመድሰዒድ ሥራው ነውና የተባለውን ሁሉ፣ አሻጥር የምትለውን ቃል ጭምር፣ ነገራቸው። ሽማግሌው ቀይ ሆኑ። ከወንበራቸው ተነሥተው «ኖ፣ ኖ» እያሉ በመዳፋቸው የራሳቸውን አፍ ሁለት ጊዜ መቱ። ለዚያ አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ካድሬው ለረጅም ጊዜ ጻፈ። በመጨረሻ «የቋንቋ እጥረት» የሚል አሰፈረና፣ ከእንግዲህ ለሚደርስ ስሕተት አስተርጓሚው በግሉ ተጠያቂ እንደሆነ አስፈረመው። ሌላ አስተርጓሚ እስኪገኝ ይሥራ ተባለ። ሌላ አስተርጓሚ አልተገኘም።

ወደ ቤቱ ሲገባ ሰኪና ውሃ አቀረበችለት። እግሩን ሲታጠብ ዐይታው ዐይታው፣ «ፈራህ?» አለችው።

«አልፈራሁም።»

«ብትፈራ ይሻለኝ ነበር» አለችና መታጠቢያውን አንሥታ ወጣች።

በማግሥቱ መሐመድሰዒድ ባዶ የቲማቲም ጣሳና አንድ ጠጠር ይዞ ወደ ሜዳው ወረደ። ከቦዩ ዳር ሚስተር ሪን አስቀምጦ ጠጠሩን ጣሳው ውስጥ ጣለ። «ኢን» አለ። አወጣው፤ «አውት»። አፉ ላይ አስቀመጠው፤ «ኦን»። አነሣው፤ «ኦፍ»። በላዩ አሳለፈው፤ «ኦቨር»። ሽማግሌው እንደ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ተከተሉት። ቀጥሎ ጠጠሩን ትተው ውሃ አደረጉ፦ ውሃ አስገባ፣ ውሃ አስወጣ፣ ውሃ አርቅ፣ ውሃ ጨምር። ገበሬዎቹ ሥራቸውን ትተው ከብበው አዩ። አንዳንዶቹ አብረው «ኦፍ!» አሉ።

ለሳምንት ያህል በየቀኑ እንዲህ ተማሩ። አንድ ቀን ትምህርቱ ሲያልቅ ሚስተር ሪ ከደረት ኪሳቸው ጠርዟ የተበላ ፎቶግራፍ አወጡ። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ቆመዋል። ትንሹ እሳቸው ናቸው። ትልቁን በጣታቸው እየነኩ «ብራዘር» አሉ። «ዋር። ብራዘር ጎ።»

መሐመድሰዒድ ከልማዱ የተነሣ አፉን ከፈተ። ወንድሜ ሄደ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ጦርነት ሄደ ነው? ከቤት ወጥቶ ሄደ? ወይስ ጭራሽ ጠፋ? ለእያንዳንዱ የሚከተል ቃል አለው፤ ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ ተሰልፈው መጡለት። ሽማግሌው ፎቶግራፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቁ ነበር።

«ማይ ብራዘር» አለ መሐመድሰዒድ። «ጎ።»

ሳያርመው ተወው። ከእስር ከወጣ ጀምሮ ስለ አህመዲን ለሰው ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሚስተር ሪ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፎቶግራፉን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ሁለቱም ተነሥተው ወደ መደቡ ሄዱ፤ ውሃ የሚያስወጡበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

የቀረው ዘር በሰኔ መጨረሻ ተዘራ። ከዚያ ወዲህ መሐመድሰዒድ ያልሰማትን ቃል ሁሉ ይጠይቃል፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ገበሬዎቹ ሳቁበት፤ አልከፋውም፣ ደስም አላለውም። ችግኙ በቀለ፤ ሐምሌ ሲያልቅ ወደ ማሳው ተዛወረ። ኅዳር ላይ ዘለላው ጎንበስ ሲል ከሐሙሲት ከተማ ሳይቀር ሰው ሊያይ መጣ። ልጣጩን እንዴት እንደሚያወልቁት የሚያውቅ ስላልነበረ በሙቀጫ ወቀጡት፤ ግማሹ ተሰባበረ። ገላነሽ እንደ ቅንጬ ቀቅላ፣ ቅቤ ጣል አድርጋ፣ ለአስተርጓሚው በሸክላ ጣባ አቀረበችለት።

«ምን ምን ይላል?» አለችው።

«ምንም ምንም አይልም።»

«እኔም ምንም አይለኝ። ሆድ ግን ይይዛል» ብላ ጨመረችለት።

ሚስተር ሪ በ1977 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት፣ አዲሱ የትምህርት ዘመን ሊጀምር ሲል፣ መሐመድሰዒድ ወደ ማስተማር እንዲመለስ የተፈቀደበት ደብዳቤ ደረሰው። ሰኪና እልል አለች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። እሱ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ አጠፈውና፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ቢሆንልኝ ብሎ ለርዕሰ መምህሩ አመለከተ። ከሰዓት በኋላ ሜዳ እሄዳለሁ አለ። አያልነህ ከማኅበሩ መሬት አንድ ድርሻ ማሳ ሰጥቶት ነበር።

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከገላነሽ ጎን ጎንበስ ብሎ ሩዙን ሲያርም፣ ከጭቃው ሥር የተቀበረ የግራር እሾህ ረገጠና ሜዳውን የሞላ ጩኸት ጮኸ።

ገላነሽ ቀና አለች። «ውይ መምህር! ያማል?»

«ያማል» አለ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «በጣም ያማል።»

«ና ከዳሩ ላይ ተቀመጥ» አለችው። እግሩን ከጭኗ ላይ አኑራ ጭቃውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ ከነጠላዋ ጥለት ሥር ወስፌዋን አወጣችና «አትንቀሳቀስ» ብላ እሾሁን መፈልፈል ጀመረች።